ማሪያ ሞንቴሶሪና የሳን ሎሬንዞ ሕፃናት

አንድ የማስተማር ዘዴ ከየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ችግር እንደ ተወለደና ኋላም የማን መገልገያ እንደ ሆነ ሳይመረመር ስለ ዘዴው ብቻ ማውራት፣ ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ እንደ መመልከት ነው። ስሟ ዛሬ በብዙ አገሮች በሕፃናት ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ተጽፎ የሚታየው የኢጣሊያዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሕይወት ይህንኑ ያስረዳል።

ሞንቴሶሪ በ1870 እ.ኤ.አ. በኪያራቫሌ ተወለደች። በ1896 በሮማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ስትመረቅ በአገሯ ለዚህ ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ፣ ሠርቶ አደር ሴቶች ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ሊከፈላቸው እንደሚገባ ተከራከረች። ቀጥሎም የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ስትረዳ፣ ኢታርና ሴጋን የተባሉትን የፈረንሳይ ሐኪሞች ሥራ አጠናች። ልጅ በእጁ ጨብጦና ዳስሶ ሲማር አእምሮው እንደሚነቃ የተረዳችው ከዚህ ነው። የዘመኑ ትምህርት ቤት ግን ልጁን ከማይነቃነቅ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በሽልማት እየደለለና በቅጣት እያስፈራራ ያስጠና ነበር።

ሳን ሎሬንዞ በሮማ የድሆች ሰፈር ነበረ። አንድ የሕንፃ ኩባንያ በዚያ የነበሩትን ቤቶች አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ። እናትና አባት ማልደው ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ለትምህርት ያልደረሱት ሕፃናት በደረጃውና በግቢው ተበትነው ይውሉ፣ ግድግዳውንም ያበላሹ ነበር። በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ የሚኖር ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ኩባንያው ለጥገና የሚያወጣውን ገንዘብ ለሕፃናት ማዋያ እንዲውል ያደረገው ከልጆቹ ይልቅ ለግድግዳው አስቦ ነው ቢባል ከእውነት አያርቅም። ሞንቴሶሪ ኃላፊነቱን ተቀበለች፤ የሕፃናት ቤትም በጃንዩዋሪ 1907 ለ50 ያህል ልጆች ተከፈተ።

መምህሯ የመምህርነት ሥልጠና አልነበራትም። ሞንቴሶሪ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረችውም፤ የድሮውን ልማድ ይዛ አልመጣችምና። ወንበሩና ጠረጴዛው ልጅ ሊያነሣው በሚችል መጠን ተሠራ። መጠናቸው የተለያየ የእንጨት ድቡልቡሎች በየቀዳዳቸው ሲገቡ ስሕተቱን ዕቃው ራሱ ያሳያል፤ ተቆጪ አያስፈልግም። ከሸካራ ወረቀት የተቆረጡትን ፊደላት ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ ተለማመዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ልጆች፣ ገና በ4 እና በ5 ዓመታቸው መጻፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ቁም ሣጥኑ ሳይቆለፍ ቢቀር፣ ልጆቹ መምህሯን ሳይጠብቁ የሚሹትን ዕቃ እያወጡ ሥራ ጀምረው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ቀርቶ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ተሠራላቸው። ወላጆችም ልጆቻቸውን በንጽሕና የመላክ ግዴታ ነበረባቸው፤ እናት ግን በፈለገችው ሰዓት ገብታ መመልከት ትችል ነበር።

በ1909 ሞንቴሶሪ ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣች። ዝናዋም አሜሪካ ድረስ ዘለቀ፤ በ1913 ወደዚያ ተጓዘች። ይሁን እንጂ ለግንበኛና ለልብስ አጣቢ ልጅ የተፈለሰፈው ዘዴ በዚያ በይበልጥ የባለጸጎች ልጆች መማሪያ ሆነ። ሞንቴሶሪ መምህራንን የማሠልጠኑን መብት በእጇ አጥብቃ ያዘች፤ መተዳደሪያዋም ይኸው ነበር። ኅብረተሰቡን በሕፃኑ በኩል ብቻ ለመለወጥ ስታስብ የቤቱን ኪራይና የወላጁን ደመወዝ እንዳለ መተዋ የሐሳቧ ትልቁ ድክመት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን በ1924 ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኝታ የመንግሥቱን ድጋፍ መቀበሏ ነው። ሕፃናትን በመለዮ አሰልፎ ታዛዥ ለማድረግ የሚሻ ፋሺስት፣ ራሱን ችሎ የሚያስብ ልጅ ከሚያወጣ ትምህርት ቤት ጋር ሊስማማ እንደማይችል አስቀድማ መገመት ነበረባት። ስምምነቱ 10 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1934 ፈረሰ፤ አገሯንም ለቅቃ ሄደች። በዓመቱ ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ጦሩን አዘመተ። በኢጣሊያም በናዚ ጀርመንም ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ።

በ1939 ወደ ሕንድ ተሻግራ መምህራንን ስታሠለጥን ጦርነት ደረሰባትና እስከ 1946 በዚያው ቆየች። በ1943 ሮማ በአውሮፕላን ስትደበደብ እጅግ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ ሳን ሎሬንዞ ነበር። ሞንቴሶሪ በሜይ 1952 በሆላንድ፣ ኖርድዌይክ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ በ81 ዓመቷ ሞተች፤ መቃብሯም እዚያው ነው።