ሮበርት ኮክና የሐምቡርግ ነጋዴዎች

ወረርሽኝ በአንድ አገር ላይ በተነሣ ጊዜ ለባለሥልጣኖች ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፣ ገበያውና ወደቡ ይዘጋ ወይስ ክፍት ይሁን የሚለው ነው። ቢዘጋ የቀን ሠራተኛው እንጀራ ያጣል፤ ክፍት ቢሆን ደግሞ በሽታው ይዛመታል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜም ይኸው ክርክር በየአገሩ ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የቈየ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ በዚሁ ጉዳይ ከአንድ ታላቅ የንግድ ከተማ ሹማምንት ጋር የተጋፈጡትን የጀርመናዊውን ሐኪም የዶክተር ሮበርት ኮክን ታሪክ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሮበርት ኮክ ዲሴምበር 11 ቀን 1843 ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለዱ። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1866 ተመረቁ። ከዚያም ቮልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የአውራጃ ሐኪም ሆነው ሲሠሩ፣ በቤታቸው ባዘጋጁት የምርመራ ክፍል በማይክሮስኮፕ እየተመራመሩ አባ ሰንጋን የሚያመጣው ማይክሮብ የትኛው እንደ ሆነ በ1876 አስረዱ። በ1882 የሳንባ ነቀርሳን፣ በ1884 ደግሞ ሕንድ አገር ካልካታ ድረስ ሄደው የኮሌራን ማይክሮብ ለይተው አሳወቁ። ኮሌራ በቈሸሸ ውሃ እንደሚተላለፍም አስተማሩ።

ይሁን እንጂ እኒህ ሰው ስሕተት የሌለባቸው አልነበሩም። በ1890 ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አገኘሁ ብለው ካስታወቁ በኋላ መድኃኒቱ የማያድን ሆኖ በመገኘቱ ስማቸው ክፉኛ ተጐድቶ ነበር። የሐምቡርግ መከራ የደረሰው ይህ ሐፍረት ሳይረሳ ነው።

ሐምቡርግ በኤልበ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች፣ በዚያን ጊዜ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረባት ታላቅ ወደብ ናት። የሚያስተዳድራት የራሷ ሴኔት ሲሆን፣ በሴኔቱና በሸንጎው ድምፃቸው የሚሰማው ነጋዴዎችና ባለ ቤቶች ነበሩ። ሕዝቡ የሚጠጣው የወንዙን ውሃ ሳይጠለል ነው። መሐንዲሶች ውሃው በአሸዋ እንዲጠለል ቢያሳስቡም፣ ወጪውን ማን ይክፈል በሚል ክርክር ብዙ ዓመታት አለፉ። ሥራው በመጨረሻ ቢጀመርም በ1892 ገና አላለቀም ነበር። ከዚህም በላይ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባሉት ስመ ጥር ሊቅ፣ ኮሌራ የሚመጣው ከመሬትና ከአየር ጠባይ ነው፣ መንገድና ወደብ መዝጋት አይጠቅምም ይሉ ስለ ነበር፣ ይህ ትምህርት ለነጋዴዎቹ እጅግ ተስማምቷቸው ነበር።

በ1892 ኦገስት አጋማሽ ላይ ሰዎች በኮሌራ መሞት ጀመሩ። የከተማው ሹማምንት ግን የወደቡ ንግድ እንዳይቋረጥ በመስጋት ነገሩን ሳይገልጹ ቀናት አሳለፉ። በእነዚያ ቀናት ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ መንገደኞችን የጫነ መርከብ፣ ከተማዋ ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ይዞ ከወደቡ ተነሣ፤ በባሕር ላይም ብዙ ነፍስ ጠፋ።

ዶክተር ኮክ ከበርሊን ተልከው ኦገስት 24 ቀን ሐምቡርግ ደረሱ። በጠባብ መንደሮች ተፋፍገው የሚኖሩትን የወደብ ሠራተኞች ኑሮ አይተው እጅግ ደነገጡ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስብሰባና ጭፈራ ተከለከለ፤ የፈላ ውሃ በጋሪ እየተጫነ ታደለ፤ የታመሙበት ቤት ሁሉ በመድኃኒት ታጠበ። ሆኖም ጊዜው አልፎ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 17 ሺህ ያህል ሰዎች ታመው 8,600 ያህሉ ሞቱ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ድኾች ነበሩ።

ከሐምቡርግ ጋር ድንበርተኛ የነበረችው አልቶና ግን ከዚሁ ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ቈሻሻ ከገባበት በታች ትቀዳ ነበር። ነገር ግን ውሃዋን በአሸዋ ስለምታጠልል በጥቂቱ ብቻ ተነካች። በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ ባለው መንገድ፣ የሐምቡርግን ውሃ የሚጠጡት ሲያልቁ፣ ከማዶ የአልቶናን የሚጠጡት ተረፉ። ዶክተር ኮክ ይህን መርምረው በጻፉ ጊዜ ለማስተባበል አስቸጋሪ ሆነ። ፔተንኮፈር ግን አሳባቸውን ስላልለወጡ፣ በዚያው ዓመት የኮሌራ ማይክሮብ ያለበትን ውሃ ጠጥተው ከቀላል ሕመም በቀር ሳይጐዱ ተረፉ።

ነጋዴዎቹ የፈሩት ኪሳራስ ቀረላቸውን? አልቀረም። ወረርሽኙ በታወቀ ጊዜ የውጭ ወደቦች ከሐምቡርግ የመጣውን መርከብ አንቀበልም አሉ ወይም አግደው አቈዩ። አሜሪካም በሴፕቴምበር 1 ቀን ስደተኞችን የጫኑ መርከቦች ሁሉ ሃያ ቀን ተለይተው እንዲቈዩ አዘዘች። ሥራ ቆመ፤ ከሞት የተረፈው የወደብ ሠራተኛም ከነቤተሰቡ ተራበ። ለዓመታት የተወዛገቡበት የውሃ ማጥለያም በጥድፊያ ተሠርቶ በግንቦት 1893 ሥራ ጀመረ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረታችን በሐምቡርግ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ዶክተር ኮክ ከዚህ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣብንንና እስከዚያ ድረስ የዘለቀውን የደስታ በሽታ ለመከላከል ደከሙ። በ1905 የኖቤል ሽልማት ተሸልመው፣ ግንቦት 27 ቀን 1910 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ባደን ባደን ላይ ዐረፉ።

እኛ ወደብና ገበያ መዝጋት ቀላል ነገር ነው አንልም። የሚዘጋው ደጃፍ የድኻ እንጀራ በር ነውና፣ የሚዘጋ መንግሥት የሚራበውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ነገር ግን የሐምቡርግ ሹማምንት ሒሳቡን ሲያሰሉ የማጥለያውን ወጪና የወደቡን ገቢ ቈጠሩ እንጂ፣ የመዘግየትን ዋጋ አልቈጠሩም። ይህንንም ዋጋ በመጨረሻ የከፈለው፣ በሸንጎው ድምፅ ያልነበረው፣ ያንን ውሃ ከመጠጣት በቀር ምርጫ ያልነበረው ሕዝብ ነው።