ኤልፍሪክ፥ የሕፃናት መምህር

ኤልፍሪክ የሚባለው መነኵሴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ955 ዓመት ገደማ በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በዊንቸስተር ገዳም በኤጲስ ቆጶሱ በኤቴልወልድ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በዚያ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚነበቡትና ቅዳሴ የሚቀደሰው በላቲን ቋንቋ ነበረ፤ ይህም ሕፃናት በእናታቸው ቤት የማይሰሙት ቋንቋ ነው። ኤቴልወልድና ሊቀ ጳጳሱ ደንስታን ትምህርትን ከማደሳቸው በፊት፥ አንዲት የላቲን ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ለማስተዋል የሚችል ቄስ በአገሩ እንዳልነበረ ኤልፍሪክ በኀዘን ጽፎአል።

በ987 ዓመት ገደማ ወደ ሰርን ገዳም ተላከ፤ በዚያም ሕፃናትን ያስተምር ጀመር። የላቲን ሰዋስው መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ነገር ግን የተጻፉት በዚያው በላቲን ስለ ሆነ፥ ለጀማሪ ሕፃን መክፈቻው በተዘጋው ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ያህል ነበረ። ኤልፍሪክም ይህን አይቶ በ995 ዓመት ገደማ የላቲንን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጻፈ።

ስምንቱንም የንግግር ክፍሎች ሕፃናቱ በሚያውቁት ቃል ሰየማቸው። ተውላጠ ስምን የስም ምትክ አለው፤ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ከመጥራት ያድናልና። ተውሳከ ግስን የግስ ባልንጀራ አለው፤ ከግስ ጋራ ይሄዳልና። እንዲህም ሕፃኑ የቃልን ስም ሲሰማ ሥራውን ወዲያው ያውቅ ነበር። ደግሞ ሕፃናቱ ላቲን መናገርን እንዲለምዱ የጥያቄና የመልስ መጽሐፍ አዘጋጀላቸው፤ አንዱ ገበሬ፥ አንዱ እረኛ፥ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ስለ ሥራው ለመምህሩ ይመልሳል።

ኤልፍሪክ በስብከት መጻሕፍቱ የታወቀ ሊቅ ነበረ። ሰዋስውን በሕዝብ ቋንቋ በመጻፉ ብዙዎች እንደሚነቅፉት ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ ለሕፃናት እንጂ ለሽማግሌዎች እንዳልተጻፈ ገልጦ ሥራውን ፈጸመ። የትምህርት መጥፋት ከሰው ነቀፌታ ይልቅ ያስፈራው ነበርና። በ1005 ዓመት የአይንሻም ገዳም አበምኔት ሆነ፤ በ1010 ዓመት ገደማም ዐረፈ።

ከእጅ ጽሑፉ ግልባጮች ከ10 የሚበልጡ እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዝኛ እጅግ ስለ ተለወጠ፥ እንግሊዞች የአባቶቻቸውን ጽሑፍ ማንበብ ተሳናቸው። በ1659 ዓመት ዊልያም ሶምነር የኤልፍሪክን ሰዋስው ከመዝገበ ቃላት ጋራ በኦክስፎርድ አሳተመ። ላቲን የሚያውቁ ሊቃውንትም የጥንቱን እንግሊዝኛ በዚሁ መጽሐፍ ተማሩ። ሕፃናትን ወደ ላቲን ያገባ መክፈቻ፥ ሊቃውንትን ወደ አባቶቻቸው ቋንቋ መለሳቸው።

ኤልፍሪክ ሰዋስውን የመጻሕፍት መክፈቻ አለው፤ በግዕዝ ደግሞ ሰዋስው ማለት መሰላል ነው። መሰላል የሚቆመው መውጣት የሚፈልገው ሰው ባለበት መሬት ላይ ነው። እንዲሁም መምህር ሕፃኑን ከፍ ለማድረግ ቢወድ፥ አስቀድሞ ሕፃኑ ወዳለበት ይወርዳል፤ ይህም መውረድ ውርደት አይደለም።