ትኩሳትን ለሕክምና የተጠቀመው ሐኪም፦ የዊሊያም ኮሊ ሕይወት



አብዛኞቻችን ክንዳችን ላይ ከሕፃንነታችን የቀረ ትንሽ ጠባሳ አለ። የቲቢ መከላከያ የሆነው የቢሲጂ ክትባት ምልክት ነው። ይኸው ክትባት ዛሬ በሽንት ፊኛ ካንሰር ለታመሙ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ እንዴት የካንሰር መድኃኒት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም ታሪክ መመለስ ይኖርብናል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊሊያም ኮሊ በ1862 በአሜሪካ ኮኔክቲከት ግዛት ተወለደ። በ1884 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ጥቂት ጊዜ በመምህርነት ከሠራ በኋላ ሃርቫርድ ገብቶ ሕክምና ተማረ። በ1888 ትምህርቱን ጨርሶ በኒው ዮርክ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ያ ዘመን ለቀዶ ሕክምና ጥሩ ዘመን ነበር። ማደንዘዣ ተገኝቷል፤ የቁስል ንጽሕና አጠባበቅም ተሻሽሏል። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም በቢላዋ የማይሸነፍ በሽታ ያለ አይመስለውም ነበር።

በ1890 ግን ቤሲ ዳሺል የተባለች የ17 ዓመት ልጅ ወደ እርሱ መጣች። በባቡር ጉዞ ላይ እጇን ተመትታ ኖሮ እብጠቱና ሕመሙ አልለቅ ብሏታል። መጀመሪያ ቀላል ጉዳት መሰለ። በኋላ ሲመረመር ሳርኮማ የተባለ የካንሰር ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ኮሊ ክንዷን ከክርኗ በታች ቆረጠው። በሽታው ግን ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበርና በጥር 1891 ሞተች። ኮሊ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነበር። የልጅቷ ሞት ከልቡ አልወጣም።

ሌላ ሐኪም ቢሆን አዝኖ ወደ ቀጣዩ ታማሚ ያልፍ ይሆናል። ኮሊ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ገባ። የቀድሞ የሳርኮማ ታማሚዎችን ካርድ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ፍሬድ ስታይን የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ አንገቱ ላይ የነበረው ዕጢ ተደጋግሞ ቢቆረጥም እየተመለሰ ሐኪሞቹን ተስፋ አስቆርጧቸው ነበር። በዚህ መሐል ቁስሉ ኤሪሲፔላስ በተባለ የቆዳ ኢንፌክሽን ተያዘ። ኃይለኛ ትኩሳት መጣበት፤ ትኩሳቱ ሲበርድለት ዕጢው ጠፍቶ ነበር። ሰውየውም ከሆስፒታል ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም።

ኮሊ ይህን ለማወቅ በእግሩ ተነሣ። ድሆች ስደተኞች በሚኖሩበት የማንሃተን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ስታይንን አገኘው። ከሆስፒታል ከወጣ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ጤነኛ ነው፤ አንገቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

በእርግጥ ትኩሳትና ዕጢ እንደሚያያዙ የጠረጠረ ኮሊ የመጀመሪያው አይደለም። በጀርመን አገር ዊልሄልም ቡሽና ፍሪድሪክ ፌላይዘን የተባሉ ሐኪሞች ቀድመውት ተመሳሳይ ነገር ሞክረው ነበር። ጉዳዩን ዕድሜ ልኩን የያዘው ግን ኮሊ ነው።

በ1891 ዞላ የተባለ፣ በአንገቱና በጉሮሮው ዕጢ ምክንያት መብላት ያቃተው ጣሊያናዊ ታማሚ ላይ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ በሕይወቱ እንዳለ ወጋው። ለወራት ብዙ ለውጥ አልታየም። ከጀርመን የመጣ ጠንካራ ባክቴሪያ ሲሰጠው ግን ታማሚው በትኩሳት ነደደ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንገቱ ዕጢ ሟሟ። ዞላ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ በመጨረሻ በሽታው ተመልሶበት ሞተ።

ይህን ሲሰሙ ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አንቲባዮቲክ ገና አልተገኘም፤ ከቀጣዮቹ ታማሚዎች ሁለቱ በተሰጣቸው ኢንፌክሽን ሞቱ። ኮሊ መንገዱን ለመለወጥ ተገደደ። በሙቀት የተገደሉ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን ቀላቀለ። ሐሳቡ ባክቴሪያው ሳይራባ ትኩሳቱ እንዲመጣ ነው። ድብልቁ በኋላ የኮሊ መርዝ ተባለ። በጥር 1893 ሆዱ ላይ ግዙፍ ዕጢ የነበረበት የ16 ዓመቱ ጆን ፊከን ይህን መርፌ መውሰድ ጀመረ። ለወራት በየጥቂት ቀኑ ተወጋ፤ ዕጢውም እየሟሸሸ ሄደ። ልጁ ድኖ 26 ዓመት ገደማ ከኖረ በኋላ በልብ ሕመም ሞተ።

ይሁን እንጂ የሙያ ባልደረቦቹ ብዙዎቹ አላመኑትም። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም። ውጤቱ ወጥ አልነበረም፤ አንዱ ሲድን ብዙው አይድንም። እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ሙከራ ሌላ ሰው ሲደግመው ተመሳሳይ ውጤት ካልሰጠ እንደማይቆጠር እንማራለን። በ1899 ፓርክ ዴቪስ የተባለው መድኃኒት አምራች ድብልቁን መሸጥ ጀመረ፤ ነገር ግን የድብልቁ ጥንካሬ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው ይለያያል። የመርፌው ብዛት፣ ቦታውና የሕክምናው ርዝመትም እንደ ሐኪሙ ይለዋወጣል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ ኮሊ ራሱ ማስረዳት አልቻለም።

በዚያው ወቅት የጨረር ሕክምና መጣ። ራዲየም ልኩ ይታወቃል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ኮሊ በሚሠራበት ሜሞሪያል ሆስፒታል የነበረው ስመ ጥሩ ፓቶሎጂስት ጄምስ ዩዊንግ የጨረር ደጋፊ ሆነ፤ በኮሊ ዘዴ ላይም ጠንካራ ተቃዋሚ ነበር። ኮሊ በ1936 በ74 ዓመቱ ሲያርፍ ሥራው ወደ መረሳት እየሄደ ነበር።

እንዳይረሳ ያደረገችው ልጁ ሄለን ኮሊ ናውትስ ናት። ሐኪም አልነበረችም። የአባቷን ታሪክ ልትጽፍ ብላ ደብዳቤዎቹንና ማስታወሻዎቹን መመርመር ስትጀምር የታማሚዎቹን ዝርዝር አገኘች። ወደ 1,000 የሚጠጉ ታማሚዎችን ጉዳይ እየተከታተለች አደራጀች፤ ማን ምን ያህል መርፌ ወሰደ፣ ትኩሳቱ ምን ያህል ደረሰ፣ ስንት ዓመት ኖረ የሚለውን መዘገበች። በ1953 በኒው ዮርክ የካንሰር ምርምር ተቋም ስታቋቁም መነሻ ገንዘብ የሰጣት ኔልሰን ሮክፌለር ነበር። አባቱ ጆን ሮክፌለር ልጅ በወጣትነቱ የቤሲ ዳሺል የቅርብ ወዳጅ ነበር።

ኮሊ የተሳሳተበትንም መናገር ያስፈልጋል። ካንሰር ራሱ በጥቃቅን ተሕዋስያን የሚመጣ በሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። አብዛኛው ካንሰር እንዲህ አይደለም። የጨጓራ ባክቴሪያ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ግን ለጨጓራ ካንሰር መንሥኤ እንደሆነ በ1994 በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውጇል። በ2011 ሁለት የምርምር ቡድኖች ለየብቻቸው በአፍ ውስጥ የሚኖር ፉሶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ በትልቁ አንጀት ዕጢ ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ አሳዩ። በ2017 ደግሞ በቆሽት ዕጢ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጀምሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እየሰባበሩ ኃይሉን እንደሚያሳጡ ታወቀ። ስለዚህ በዕጢ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አንዳንዴ ለዕጢው አጋዥ ነው። የኮሊ ባክቴሪያ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ተኝቶ የነበረውን የሰውነት መከላከያ ቀሰቀሰው። ቢሲጂም በሽንት ፊኛ ውስጥ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ ዘርፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2020 በታዋቂ መጽሔት የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ብዙ ዓይነት ካንሰር የየራሱ የተሕዋስያን አሻራ አለው ብሎ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ደግመው ሲፈትሹ የሰው ዲኤንኤ በስሕተት የባክቴሪያ ተብሎ መቆጠሩን አገኙ፤ ጽሑፉም በ2024 ተሰረዘ። የኮሊ ተቃዋሚዎች ያነሱት ጥያቄ፣ ማለትም ሌላ ሰው ቢደግመው ያው ይገኛል ወይ የሚለው፣ ዛሬም ይጠየቃል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ኢንፌክሽን ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሁለቱን የሞቱ ታማሚዎች አስታውሱት። በሕክምና፣ በፋርማሲ ወይም በላቦራቶሪ ትምህርት ላይ ያላችሁ ደግሞ ነገ የታማሚ ካርድ ስትሞሉ ስታይንን አስቡት። ከዓመታት በፊት አንድ የማይታወቅ ጸሐፊ ትኩሳቱንና የዕጢውን መጥፋት በጥንቃቄ ባይመዘግብ ኖሮ ኮሊ የሚፈልገው ሰው አይኖርም ነበር። መዝገብ አማና ነው።