የፕሮፌሰር በርናርዶ ሁሳይ ታሪክ

በርናርዶ አልቤርቶ ሁሳይ በደቡብ አሜሪካ፥ በአርጀንቲና አገር፥ በቡዌኖስ አይሬስ ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ዓመት ከፈረንሳይ ከመጡ ወላጆች ተወለዱ። ብዙ ልጅ ገና ዳዊት በሚደግምበት በ14 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ መድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት ገብተው በ1904 ዓመት ተመረቁ፤ ቀጥሎም ሕክምናን ተምረው በ1911 ዓመት ዶክተር ተባሉ። ለዶክተርነት ያቀረቡት ጽሑፍ ፒቱይታሪ ስለምትባለው ዕጢ ነበር። ይህች ዕጢ ከአንጎል ሥር ተንጠልጥላ የምትገኝ፥ መጠንዋም አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ናት። በ1919 ዓመት በቡዌኖስ አይሬስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ፥ ይኸውም የሰውነት ክፍሎች ሥራ ትምህርት መምህር ሆነው የምርመራ ቤት አቋቋሙ።

በ1921 ዓመት ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ሊቃውንት በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ ከቆሽት የሚወጣውን ኢንሱሊን ስላገኙ፥ የስኳር በሽታ ነገር በቆሽት ብቻ ያለቀ ይመስል ነበር። ሁሳይ ግን ወደዚያች ትንሽ ዕጢ ተመለከቱ። ዕጢዋ የወጣችበት ውሻ ለኢንሱሊን እጅግ ደካማ ሆኖ፥ ጤነኛውን የማይጐዳው ጥቂት ኢንሱሊን እርሱን ሲገድለው አዩ። ደግሞም ቆሽቱ የወጣ ውሻ በስኳር በሽታ ቶሎ የሚሞት ሲሆን፥ ከቆሽቱ ጋራ ፒቱይታሪው ቢወጣ በሽታው ቀለል ብሎለት ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ። እንዲሁ ባደረጉት ጓጉንቸር ላይ የዕጢዋን የፊት ክፍል መልሰው ቢተክሉበት በሽታው ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ በደም ያለው ስኳር በአንድ ዕጢ ትእዛዝ ብቻ የማይተዳደር፥ አንዱ ሲያወርደው ሌላው እያነሣው በሚዛን የሚጠበቅ መሆኑ ታወቀ።

የደም ግፊትም ምርመራ ከዚሁ ቤት ወጣ። ጐልድብላት የተባለው አሜሪካዊ በ1934 ዓመት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ሥር በማጥበብ የውሻን የደም ግፊት ከፍ አድርጎ ነበር። ሁሳይና ደቀ መዝሙራቸው ፋሲዮሎ እንዲህ ያለውን ኩላሊት ወደ ሌላ ውሻ አዛውረው ከደም ሥሩ ጋራ ቢያገናኙት የዚያም ግፊት ከፍ አለ፤ ስለዚህ ኩላሊቱ ወደ ደም የሚሰድደው ነገር እንዳለ ተረዳ። ብራውን ሜኔንዴዝ፥ ሌሎዋርና ጓደኞቻቸው በ1939 ዓመት አጥብቀው መርምረው ግፊቱን የሚያነሣውን ነገር አገኙት፤ ኋላም አንጂዮቴንሲን ተባለ። ዛሬ ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ይህንኑ የሚከላከሉ ናቸው።

በ1943 ዓመት የጦር ሹማምንት መንግሥቱን ያዙ። በዚያው ዓመት ሁሳይ ከሌሎች የታወቁ ሰዎች ጋራ ሆነው አገሪቱ በእውነተኛ ዴሞክራሲ እንድትተዳደር በሚጠይቅ ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። ሹማምንቱም የ24 ዓመት ሥራቸውን ሳይሆን ፊርማቸውን ብቻ ተመልክተው ከመምህርነታቸው ሻሩዋቸው። በ1945 ዓመት ቢመለሱም በ1946 ዓመት በፔሮን ዘመን ዳግመኛ ከሥራቸው ተገለሉ። ከውጭ አገር የሚጠራቸው ብዙ ሲሆን አገራቸውን ለቀው መሄድን እንቢ አሉ፤ ከሳውቤራን ድርጅት በተገኘ ገንዘብ በ1944 ዓመት በዚያው ከተማ የግል የምርመራ ቤት ከፍተው፥ ተከትለዋቸው ከመጡት ጋራ ያቋረጡትን ሥራ ቀጠሉ። መንግሥት በገዛ እጁ ያባረረውን ምርመራ የግል ሰዎች ገንዘብ አኖረው።

በ1947 ዓመት ስለ ፒቱይታሪና ስለ ስኳር ሥራቸው የኖቤልን ሽልማት እኩሌታ ተቀበሉ፤ ሁለተኛው እኩሌታ ለባልና ሚስቱ ለካርልና ለጌርቲ ኮሪ ተሰጠ። ከላቲን አሜሪካ በሳይንስ ይህን ሽልማት ያገኘ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ወንበራቸው የተመለሱት ግን ፔሮን ከወደቁ በኋላ በ1955 ዓመት ነው። በ1958 ዓመት መንግሥቱ ለሳይንስ ምርመራ ያቋቋመውን ሸንጎ እንዲመሩ ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም መሩት። ደቀ መዝሙራቸው ሌሎዋር በ1970 ዓመት በኬሚስትሪ የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ለማየት በቅተው፥ በ1971 ዓመት በ84 ዓመታቸው በቡዌኖስ አይሬስ ዐረፉ።