የጨረቃ ልጅ፦ ከዳኑብ የባሪያ ገበያ እስከ ጎንዶኮሮ የዘለቀው የፍሎረንስ ቤከር ሕይወት

ጁባ ሲመሽ ነጭ ዓባይ ሁለት መልክ ይይዛል። በምዕራቡ ዳርቻ የሆቴሎችና የምግብ ቤቶች መብራት ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂት የማይባሉትን የሚያስተዳድሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው፤ መብራቱ ሲቋረጥም የጄኔሬተሮች ድምፅ ይተካል። በምሥራቁ ዳርቻ ግን ጨለማው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በጨለማው ወገን፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ አለ።

ጁባ ገና ከተማ ሳትሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከካርቱም ወደ ደቡብ የሚጓዙ ጀልባዎች የመጨረሻ ማረፊያ ጎንዶኮሮ ነበረች። የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች፣ የባሪያ ፈንጋዮች፣ ሚሲዮናውያንና የአገር አሳሾች ተፈራርቀውባታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ራሷ በገበያ ለሽያጭ ቀርባ የነበረች አንዲት አውሮፓዊት ሴት ነበረች፤ ፍሎረንስ ቤከር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነደደች ከተማ

ፍሎረንስ የተወለደችው በ1841 ገደማ፣ ያኔ በሀንጋሪ ዘውድ ሥር በነበረችውና ዛሬ የሮማኒያ ግዛት በሆነችው ትራንሲልቫኒያ ነው። የትውልድ ስሟ ፍሎራ ሳስ እንደነበር ይነገራል። ገና ሕፃን ሳለች የ1848ቱ የሀንጋሪ አብዮት ፈነዳ። በጃንዋሪ 1849 የትውልድ ከተማዋ ናጅየንየድ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጋየች፤ በርካታ መቶ ነዋሪዎችም ተገደሉ። ፍሎረንስ በዚያ ሁከት ቤተሰቧን አጥታ ወላጅ አልባ ሆነች።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሀንጋሪ ጦር እጁን ሰጠ። ከሦስት ወር በኋላ ቡዳንና ፔስትን የሚያገናኘው የሰንሰለት ድልድይ በዳኑብ ወንዝ ላይ ለትራፊክ ተከፈተ። ዛሬ ያ ድልድይ፣ ከኮረብታው ቤተ መንግሥትና ከፓርላማው ሕንፃ ጋር፣ ሌሊት በብርሃን ተጥለቅልቆ ይታያል። የወንዙ ዳርቻዎች በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል፤ በዓለም ዙሪያ የሚመጡ ጎብኚዎችም ያንን የሌሊት ገጽታ ከመርከብ ላይ ሆነው ለማየት ይሻማሉ። ፍሎረንስ የምታውቀው ዳኑብ ግን ይህ አልነበረም።

የተሸነፈው አብዮት ስደተኞች ድንበር ተሻግረው በኦቶማን ግዛት ወደነበረችው የዳኑብ ወደብ፣ ወደ ቪዲን ተሰደዱ። ዛሬ ቪዲን የቡልጋሪያ ከተማ ናት። ወላጅ አልባዋ ልጅም በዚያው ከተማ በባሪያ ነጋዴ እጅ ወድቃ አደገች። በ1859 መጀመሪያ፣ ዕድሜዋ ከ17 ወይም ከ18 ዓመት ሳያልፍ፣ ለጨረታ ቀረበች።

በዚያ ክረምት ሳሙኤል ቤከር የተባለ ባለጸጋ እንግሊዛዊ አዳኝ፣ ከሥልጣኑ ከተነሳው የፑንጃብ ልዑል ዱሊፕ ሲንግ ጋር በዳኑብ ላይ ይጓዝ ነበር። ጀልባቸው በበረዶ ግግር በመጎዳቷ ቪዲን ላይ ለመቆየት ተገደዱ። ቤከር ሚስቱ የሞተችበትና የአራት ሴቶች ልጆች አባት ነበር። በጨረታው ቦታ ተገኝቶ ልጅቷን አየ። እንደሚተረከው ዋጋ ቢያቀርብም የከተማዋ ፓሻ በለጠው፤ ቤከርም ጠባቂዎቹን በጉቦ አታልሎ ልጅቷን በሠረገላ ወደ ቡካሬስት ይዟት አመለጠ።

ከባርነት ያወጣት ሰው በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጣታል። በዚያች ሌሊት የሚጠብቃት ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት 34 ዓመታት ግን ከጎኑ አልተለየችም።

ደረቁ ወንዝ በሌሊት ሲሞላ

ቤከር ለጥቂት ጊዜ ዳኑብን ከጥቁር ባሕር በሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ከተሰማራ በኋላ፣ የዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ቆርጦ ተነሳ። በኤፕሪል 1861 ሁለቱ ከካይሮ ተነስተው ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ተጓዙ። አስቀድመው የሄዱት ግን ወደ ነጭ ዓባይ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ደጋ ወደሚወርዱት ወንዞች ነበር።

በጁን ወር አትባራ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ወንዙ ደርቆ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ጉማሬዎች፣ አዞዎችና ዓሦች በየቦታው በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ተጨናንቀዋል። ጁን 23 ሌሊት ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። አጃቢዎቻቸው ውሃ መጣ እያሉ በጨለማ ውስጥ ሲሯሯጡ፣ በወንዙ አሸዋ ላይ የተኙት ነፍሳቸውን ለማዳን ወደ ዳርቻው ወጡ። ሲነጋ በአሸዋው ፈንታ አራት መቶ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድፍርስ ወንዝ ይፈስስ ነበር።

ያ ውሃ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የጣለ ዝናብ ነው። ቤከርና ፍሎረንስ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሰቲት፣ በአንገረብ፣ በረሃድና በድንድር ወንዞች ዳርቻ ሲዘዋወሩ ቆዩ፤ አረብኛም ተማሩ። ቤከር የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬም በአካባቢው አገሮች ዘንድ ክብደቱን አልቀነሰም፤ የግብፅን መሬት የሚያለማው ደለልና የክረምቱ ሙላት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1867 ታተመ። በየሰፈሩ ትኩሳት እየጣላት፣ ድንኳኑን ቤት አድርጋ ያቆየችው ግን ፍሎረንስ ነበረች።

ጎንዶኮሮና ሐይቁ

በዲሴምበር 1862 ከካርቱም በሦስት ጀልባዎች ተነስተው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1863 ጎንዶኮሮ ደረሱ። የኦስትሪያ ካቶሊክ ሚሲዮን ስፍራውን ጥሎ ወጥቷል፤ በሽታ ብዙዎቹን አባላቱን ገድሏል። የቀሩት የነጋዴዎች ሰፈሮች ነበሩ። ንግዱ በስም የዝሆን ጥርስ ቢሆንም በተግባር ከብት መዝረፍና ሰው መሸጥ ነበር። ፍሎረንስ ከቪዲን በወጣች በአራት ዓመቷ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ወደ ጀልባ ሲነዱ ወደሚታይበት ሌላ የወንዝ ወደብ ደረሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፔክና ግራንት የተባሉት አሳሾች ከደቡብ መጥተው ጎንዶኮሮ ገቡ። ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወጣ አረጋግጠናል የሚል ዜና ይዘው ነበር። ለቤከር የቀረለት ሌላ፣ እነርሱ ያላዩት ሐይቅ ነበር። ጉዞው ሳይጀመር ግን አጃቢዎቹ አመፁ። ጠመንጃዎች ተደግነው ሳለ ፍሎረንስ በትኩሳት ከተኛችበት ተነስታ በመካከላቸው ገባች፤ አንዳንዶቹን በየስማቸው እየጠራች አረጋጋች። ደም ሳይፈስስ አመፁ በረደ።

በቡንዮሮ ግዛት ንጉሥ ካምራሲ ወደ ሐይቁ ለማሳለፍ እሷን እንዲተውላቸው ቤከርን ጠየቁት። ቤከር ሽጉጡን መዘዘ። ፍሎረንስም ከመቀመጫዋ ተነስታ በአረብኛ ንጉሡን በቁጣ ወረደችባቸው፤ አስተርጓሚዋም ቃሏን አንድ በአንድ አደረሰች። አንድ ጊዜ በገበያ የተሸጠች ሴት ለሁለተኛ ጊዜ በስጦታ የምትተላለፍ አልሆነችም።

ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ ረግረጋማ ወንዝ ሲሻገሩ ፀሐይ መትቷት ወደቀች። ለቀናት ራሷን ሳታውቅ በቃሬዛ ተሸክመዋት ተጓዙ፤ መቃብር ለመቆፈር መሣሪያ ተዘጋጅቶ ሳለ ነቃች። ማርች 14 ቀን 1864 በደካማ እግሯ፣ የባሏን ትከሻ ተደግፋ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ሐይቁ ዳር ቆመች። የአካባቢው ሰዎች የራሳቸው ስም የነበራቸውን ሐይቅ ቤከር በንግሥት ቪክቶሪያ ባል ስም አልበርት አለው።

በአቾሊ ሕዝብ ዘንድ ለእሷም ስም ወጣላት። ረጅሙንና ብሩህ ወርቃማ ጸጉሯን ያዩ ሰዎች አንያድዌ፣ የጨረቃ ልጅ፣ ብለው ጠሯት። ይህ ስም በሰሜናዊ ኡጋንዳ እስካሁን ይታወሳል።

የእስማኢሊያ ባንዲራ

በኖቬምበር 1865 ሁለቱ በለንደን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ቤከር በዓመቱ የክብር ማዕረግ ተሰጠው፤ እሷም ሌዲ ቤከር ተባለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ሳይጋቡ አብረው መኖራቸውን ሰምተው ነበርና ሊቀበሏት ፈቃደኛ አልሆኑም። የባሏን መጽሐፍ ያነበበው ሕዝብ አደነቃት፤ የቤተ መንግሥቱ በር ግን ለእሷ አልተከፈተም።

በ1869 የግብፁ ኬዲቭ እስማኢል ቤከርን የላይኛው ዓባይ አገረ ገዥ አድርገው ሾሙት። ዓላማው የባሪያ ንግድን ማጥፋትና አካባቢውን በግብፅ ሥር ማዋል ነበር። ፍሎረንስ አብራው ተመለሰች። ረግረጉ መንገድ ቢዘጋባቸው፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ በሚገናኝበት አካባቢ ሰፈሩ። በዚያ የሚያልፉ ጀልባዎችን እያስቆሙ የታጨቁባቸውን ሰዎች ነጻ አወጡ። ፍሎረንስ ከእነዚያ መካከል ሕፃናትን ወደ ቤቷ ወስዳ አሳደገች።

ሜይ 26 ቀን 1871 ጎንዶኮሮ ላይ ከሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ተሰልፈው የኦቶማን ባንዲራ ተሰቀለ፤ ስፍራውም እስማኢሊያ ተባለ። የባሪ ሕዝብ ግን መሬቱን ለማንም አልሰጠም ነበር። ወታደሮቹ እህል ሲያጡ የባሪን ጎተራና ከብት በኃይል ወሰዱ፤ ጦርነትም ተከተለ። ነጻ ለማውጣት የመጣው ጦር ለነዋሪው ከፈንጋዮቹ የሚለይበት ምልክት ብዙ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት በቡንዮሮ መዲና ማሲንዲ ቤከር ግዛቱን ለኬዲቩ መጠቅለሉን አወጀ። የካምራሲ ልጅ ንጉሥ ካባሌጋ ይህን አልተቀበሉም። ጁን 8 ቀን 1872 ውጊያ ሲነሳ የቤከር ወታደሮች ለሌሊት ምልክት የሚያገለግሉትን ሰማያዊ የእሳት ችቦዎች በሣር ክዳን ቤቶቹ ላይ ለኮሱ፤ መዲናዋም ወደ አመድ ተለወጠች። በልጅነቷ የትውልድ ከተማዋ የነደደባት ፍሎረንስ በዚህ ጊዜ ከአቃጣዮቹ ወገን ነበረች። ከዚያም በሁለት ወገን ጦር እየተወረወረባቸው፣ ቁመት በሚያክል ሣር ውስጥ ለቀናት ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ ከሰልፉ ጋር ተጉዛ በሕይወት ወጣች።

በ1873 የቤከር ውል አበቃ። የባሪያ ንግዱ ለጊዜው ተዳክሞ እንደሆነ እንጂ አልጠፋም ነበር። ተተኪው ጎርደን በ1874 በወባ የሚታወቀውን ጎንዶኮሮን ትቶ መቀመጫውን ወደ ላዶ አዛወረ። ጁባ ለከተማነት የበቃችው ከዚያ ግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ነው።

እምቢ ያለችበት ቀን

ባልና ሚስቱ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዴቨን ውስጥ ኖሩ። በጃንዋሪ 1884 ጎርደን ወደ ካርቱም ከመሄዱ በፊት ቤከርን ጎብኝቶ ወደ ሱዳን እንዲመለስ ገፋፋው። ፍሎረንስ ተቃወመች፤ ቤከርም ቀረ። በዓመቱ ካርቱም በማህዲስቶች እጅ ስትወድቅ ጎርደን ተገደለ።

ቤከር በዲሴምበር 1893 ሞተ። ፍሎረንስ 22 ዓመታት ብቻዋን ቆይታ፣ ማርች 11 ቀን 1916፣ አውሮፓ ዳግም በጦርነት በምትነድበት ወቅት አረፈች። የተቀበረችው ከባሏ ጋር ነው።

ስለ ቪዲን በአደባባይ የተናገረችው ነገር የለም። ባሏ በመጽሐፎቹ እንዴት እንደተገናኙ አልጻፈም፤ የዘመኑ ጨዋነት ባሪያ የነበረችን ሴት በክብር አዳራሽ ለማስገባት ፈቃድ አልነበረውም። በሁለተኛው ጉዞ የጻፈችው ማስታወሻ ለኅትመት የበቃው በ1972፣ ከሞተች ከ56 ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ማስታወሻ የሚገኘው የአንዲት ሠራተኛ ሴት የቀን ውሎ ነው፤ የታመሙት፣ የጎደለው እህል፣ ያልመጣው ጀልባ።

በካርታው ላይ የቀረው የባሏና የንጉሣውያኑ ስም ነው። የእሷ ስም የቀረው በሰዎች አንደበት ነው፤ ያንንም ያወጡላት የአፍሪካ መንደር ነዋሪዎች እንጂ ያልተቀበለቻት ንግሥት አይደለችም።