ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና ዓይነት 44 እንዶድ

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያላችሁ፣ የጫካ ቡናና የማሳ ቡና አንድ እንዳልሆነ ነጋሪ አያስፈልጋችሁም። የመድኃኒት ተክልም እንደዛው ነው። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር እንደ ዘሩና እንደበቀለበት ቦታ ይበዛል፣ ያንሳል። በዚህ ጣጣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሰው ነበሩን፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ።

የተወለዱት በ1935 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ዓድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ያው አያቶቻችን ነጠላ የሚያነጹበት እንዶድ ማለት ነው። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሌላው ጋ ያሉት ግን ደህና ናቸው። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በቃ፣ ነገሩ ገባቸው።

ማየቱ የአንድ ቀን ነበር፤ ማረጋገጡ ነው ዓመታት የበላው። በ1966 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ፣ በሽታው ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ ሲወጣ በሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ግን ከየዱሩ የተለቀመ እንዶድ ሁሉ እኩል አይገድልም። እዚህ ላይ የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ገቡበት። የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለው፣ የፍሬያቸውን ኃይል እያነጻጸሩ ጠንካሮቹን መረጡ። ከነሱ አንዱ ዓይነት 44 ይባላል። ገበሬ ቢተክለው ጉልበቱ የሚታወቅ እንዶድ ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልተስፋፋም? ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለሰውና ለአካባቢ ደህና መሆኑ በታወቀ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ አሉ። ጥያቄው በኛ እይታ ትክክል ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላላ! የሚያናድደው እዚህ አገር የተለካው እንደ ልኬት አለመቆጠሩ ነው። የውጭ ላቦራቶሪ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡን የሚሰጥ ጠፋ። በዚህ መሃል ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ እንዶዱ አጥር ላይ ይረግፋል።

በ1989 ሁለቱ ሰዎች፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ወሰዱ። ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ የሚጠራውም በስማቸው ነው።