ሌቪ ስትራውስና የሠራተኛው ሱሪ

የዛሬ ሰው ከቤቱ ለብሶት የሚወጣው ሱሪ በመጀመሪያ ለማን እንደተሰፋ ብዙ ጊዜ አያስብም። ጅንስ በመባል የሚታወቀውን ሰማያዊ ሱሪ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም እኩል ይለብሱታል። የስፌት ሙያ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ጊዜ አተኩሮ ቢመለከተው ከወገቡ እስከ እግሩ ጫፍ ድረስ የሥራ ልብስ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ድርብ ስፌቱ፣ ወፍራም ጨርቁ፣ በኪሱ ጥግ ላይ የተመታው ትንሽ የመዳብ ሪቬት፣ ሁሉም በጉልበቱ ያድር ከነበረ ሰው ችግር የመነጩ ናቸው። የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለዚህ ልብስ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስሙ ከሱሪው ጋር ተጣብቆ የቀረውን ሰው፣ ሌቪ ስትራውስን፣ መረጥሁ። ይሁን እንጂ ሱሪውን የፈጠረው እርሱ ባለመሆኑ፣ የአንዱን ሕይወት ስተርክ የሌላውን፣ ማለትም የልብስ ሰፊውን የጄኮብ ዴቪስን ታሪክ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሌቪ ስትራውስ በ1829 ዓ.ም. በየካቲት ወር በጀርመን አገር በባቫሪያ፣ ቡተንሃይም በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌብ ነበር። አባቱ ሂርሽ ስትራውስ ሸቀጥ ተሸክሞ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። በዚያ ዘመን የባቫሪያ ሕግ በየመንደሩ ሊኖሩ የሚችሉትን የአይሁድ ቤተሰቦች ቁጥር ስለ ወሰነ፣ አንድ ወጣት ለማግባትና የራሱን ጎጆ ለመቀለስ ከመዝገቡ ላይ ቦታ እስኪለቀቅለት መጠበቅ ነበረበት። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ወደ አሜሪካ መሰደድን መረጡ። የሌቪ ታላላቅ ወንድሞችም ቀድመው ሄደው በኒው ዮርክ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ከፈቱ። አባትየው በ1846 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት፣ እናቲቱ ርብቃ ሁለት ሴቶች ልጆቿንና የመጨረሻ ወንድ ልጇን ይዛ ባሕር ተሻገረች። ልጁ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ነበር።

በኒው ዮርክ ከወንድሞቹ ጋር የጨርቅ ንግድን ተማረ፤ ስሙንም አገሬው ሊጠራው በሚችለው መንገድ ሌቪ አሰኘው። በ1853 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜግነት እንዳገኘ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በፓናማ በኩል አድርጎ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ 5 ዓመት ሆኖት ስለ ነበር፣ ከተማዋ ከአካፋ እስከ ካልሲ ድረስ ማንኛውንም ዕቃ ከውጭ የምታስመጣ፣ ገንዘብ የበዛባት ዕቃ ግን ያጠረባት ወደብ ነበረች። ሌቪም በዚያ የጅምላ ንግድ ቤት ከፈተ። ወንድሞቹ ከኒው ዮርክ በመርከብ የሚልኩለትን ጨርቅ፣ ሸሚዝ፣ የውስጥ ልብስ፣ ብርድ ልብስና መሐረብ በምዕራቡ ክፍል ላሉ ትናንሽ ሱቆች ያከፋፍል ጀመር። የእኅቱ የፋኒ ባል ዴቪድ ስተርንም የንግዱ ሸሪክ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ተረት ማረም ያስፈልጋል። ሌቪ ስትራውስ ድንኳን የሚሰፋበት ሸራ ይዞ ወርቅ ቆፋሪዎች ዘንድ ደርሶ፣ ገዢ ቢያጣ ሸራውን ሱሪ አድርጎ እንደ ሸጠላቸው በብዙ ቦታ ይነገራል። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። ሰውየው ነጋዴ እንጂ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ ሪቬት ያለው ሱሪ በእርሱ ቤት መሠራት የጀመረውም ሳን ፍራንሲስኮ ከገባ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ተረቱ ሊስፋፋ የቻለው በ1906 ዓ.ም. ከተማዋን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የድርጅቱን መዛግብት ጭምር ስለ በላ፣ ክፍት የቀረውን ቦታ ወሬ ስለ ሞላው ይመስለኛል።

እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው በሌላ ግዛት፣ በኔቫዳ፣ ሬኖ በምትባል የባቡር መንገድ በቆረቆራት ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው ጄኮብ ዴቪስ በ1831 ዓ.ም. በሪጋ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆን፣ ልብስ ከመስፋት ሌላ ድንኳን፣ የፈረስ ብርድ ልብስና የጋሪ መሸፈኛም ይሠራ ነበር። በ1870 መጨረሻ ወይም በ1871 መጀመሪያ ላይ የአንድ እንጨት ቆራጭ ሚስት ወደ ሱቁ መጥታ፣ ባልዋ ሱሪ ቶሎ ቶሎ እንደሚጨርስና ጠንክሮ የተሰፋ እንደምትፈልግ ነገረችው። ዋጋውን 3 ዶላር ቀድማ ከፈለች። ዴቪስ ሱሪውን ከሌቪ ስትራውስ ንግድ ቤት ይገዛው ከነበረው ዳክ ከሚባል ወፍራም ያልነጣ ሸራ ሰፋው። ሥራውን ሲጨርስ በጠረጴዛው ላይ የፈረስ ብርድ ልብስ ማሰሪያ የሚያጠብቅባቸውን የመዳብ ሪቬቶች አየ፤ አንሥቶም በኪሶቹ ጥግ ላይ መታቸው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የዚህን ነገር ጥቅም ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገኝም፤ ሆኖም ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸው ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ኪስ የሚቀደደው ከመካከሉ አይደለም። ሠራተኛው መዶሻ ወይም ድንጋይ ሲከትበት፣ ወይም እጁን ሲያስገባና ሲያወጣ፣ ጭነቱ ሁሉ የኪሱ አፍ ከሱሪው ጋር በሚገናኝባት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። በዚያች ነጥብ የመጀመሪያው ክር ከተበጠሰ ቀጥሎ ያለው ጥልፍ ብቻውን ይቀራል፤ እርሱም ሲሄድ ሦስተኛው ይከተላል። ልብስ ሰፊዎች ይህን በድርብ ክር፣ በቁራጭ ጨርቅና ደጋግሞ በማጥበቅ ሊያስቀሩት ይሞክሩ ነበር፤ ክር ግን ምንጊዜም ክር ነው። ሪቬቱ በአንጻሩ የጨርቁን ድርቦች ከሁለት ወገን ጨምቆ ስለሚይዝ፣ ጭነቱ በጥልፎቹ ላይ ከመድረሱ በፊት በክብ ጠርዙ ዙሪያ ይበተናል። አዲስ መሣሪያም አዲስ ጨርቅም አልጠየቀም። የፈረስ ዕቃ ላይ የሚሠራበት ነገር ወደ ሰው ልብስ ተሻገረ፤ ይኸው ነው።

እንጨት ቆራጩ ያየውን ሌላውም አየና በ18 ወር ውስጥ ዴቪስ 200 ያህል ሱሪዎች ሸጠ። ሐሳቡ እንዳይሰረቅበት ስለ ፈራ የፈጠራ መብት ሊያወጣ ፈለገ። ለማመልከቻው 68 ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ ቀደም ሲል በሌሎች ፈጠራዎች ገንዘብ ስላጠፋ ባለቤቱ እንደገና እንዲያወጣ አልፈቀደችለትም። ስለዚህ በ1872 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ጨርቅ ለሚያቀርብለት ለሌቪ ስትራውስ ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የሱሪዎቹን ናሙና ልኮ፣ ወጪውን ከሸፈኑለት የመብቱን ግማሽ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ።

የሌቪ ስትራውስ ሚና እዚህ ላይ ነው። ከማያውቀው ከተማ፣ እንግሊዝኛው ከተሰባበረ ልብስ ሰፊ የመጣ ደብዳቤ በብዙ ንግድ ቤቶች ሳይነበብ ሊጣል ይችል ነበር። እርሱ ግን ናሙናውን ተመለከተና ወዲያው ጠበቃ አቆመ። የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤቱ በልብስ ስፌት ላይ ሪቬት መጠቀም አዲስ ነገር መሆኑን ስለ ተጠራጠረ ማመልከቻው ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልሷል፤ እየተስተካከለም እንደገና ገብቷል። በመጨረሻ ግንቦት 20 ቀን 1873 ዓ.ም. በቁጥር 139,121 ተፈቀደ። በሰነዱ ላይ ፈጣሪው ጄኮብ ዴቪስ መሆኑ በግልጽ ሲመዘገብ፣ መብቱ ለእርሱና ለድርጅቱ በጋራ ተሰጠ። ሌቪም ልብስ ሰፊውን ከነቤተሰቡ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አምጥቶ የሥራው ኃላፊ አደረገው። በመጀመሪያ ጨርቁ እየተቆረጠ በየቤታቸው ለሚሰፉ ሴቶች ይላክ ነበር፤ ገበያው ሲሰፋ ፋብሪካ ተቋቋመ።

ጨርቁም ከዳክ ይልቅ ወደ ዴኒም አዘነበለ። ዴኒም ለድርጅቱ ይመጣ የነበረው በአሜሪካ ምሥራቅ፣ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ከሚገኘው ከአሞስኬግ የሽመና ፋብሪካ ነው። ድሩ በኢንዲጎ ሰማያዊ የተነከረ፣ ማጉ ያልተቀባ ነጭ ሲሆን፣ ማጉ በሦስት ድር ሥር እያለፈ በአንዱ ላይ ስለሚወጣ ከፊት ሰማያዊው፣ ከጀርባ ነጩ ጎልቶ ይታያል። ኢንዲጎ ወደ ክሩ እምብርት ጠልቆ አይገባም፤ በላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለሆነም ልብሱ በታጠበና በተፈተገ ቁጥር ቀለሙ ይለቅቃል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣ ኪሱ አጠገብ የለባሹን አሠራር ይመዘግባል። ይህ ለሠራተኛው ጉድለት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰዎች ይህንኑ መገርጣት በገንዘብ እየገዙ ገና ከፋብሪካ የደከመ ልብስ ይለብሳሉ ቢባል፣ ዴቪስ የሚያምን አይመስለኝም።

ሱሪው በዚያ ዘመን ጅንስ አይባልም ነበር፤ የወገብ ቱታ እንደ ማለት ባለ ስም ይጠራ ነበር። እኛ ቱታ የምንለውን ቃል ከጣሊያንኛ እንደ ወሰድን ሁሉ፣ ጅንስም ከጣሊያን ወደብ ከጄኖዋ ስም፣ ዴኒምም ከፈረንሳይ ከተማ ከኒም ስም እንደ መጡ ይነገራል። ለባሾቹ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ከብት ጠባቂዎች፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችና ገበሬዎች ነበሩ። በ1886 ዓ.ም. ሁለት ፈረሶች ሱሪውን በሁለት ወገን እየጎተቱ ሊቀዱት ሲያቅታቸው የሚያሳየው የቆዳ ምልክት ከወገቡ ላይ ተሰፋ፤ ማንበብ የማይችልም ገዢ ዕቃውን በሥዕሉ እንዲለይ አስችሏል። የፈጠራ መብቱ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ጊዜው አብቅቶ ሌሎች ፋብሪካዎች ሪቬት መጠቀም ሲችሉ፣ ድርጅቱ ዛሬ ድረስ የሚታወቀውን 501 ቁጥር መጠቀም ጀመረ።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የማይወደውንም መጻፍ አለበት። በ1882 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በካሊፎርኒያ በቻይናውያን ላይ የነበረው ጥላቻ በበረታበት በዚያ ወቅት፣ የሌቪ ስትራውስ ድርጅት ሱሪዎቹ በነጮች እጅ ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን በልብሱ ላይ ሳይቀር እያተመ ያስተዋውቅ ነበር። በባቫሪያ የጠበበ ሕግ ያሳደደው ሰው፣ በሌላ ስደተኛ ላይ የተነሣውን ጥላቻ ለገበያ ተጠቀመበት። ዘመኑ እንዲህ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ለእኔ ግን በጥሩ ጨርቅ ላይ እንደ ወደቀ የዘይት ነጠብጣብ ነው።

በሌላ በኩል ስለ ለጋስነቱ የሚነገረው እውነት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ከገባ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው አይቀርም፣ በ1854 ዓ.ም. ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ 5 ዶላር ሰጠ፤ በ1897 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለ28 ተማሪዎች የትምህርት ወጪ መሸፈኛ ገንዘብ አቋቋመ። ሚስት አላገባም። የኖረው ከእኅቱ ቤተሰብ ጋር ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ያለ ማዕረግ ሌቪ ብለው እንዲጠሩት ይፈልግ ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ የምናየው ጢሙን ያሳደገ፣ የነጋዴ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ስሙን የተሸከመው ሱሪ ለእርሱ መደብ ሰዎች የሚሆን ልብስ አልነበረም።

መስከረም 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በ73 ዓመቱ በቤቱ ሞተ። ድርጅቱን ለእኅቱ ልጆች ለስተርን ወንድማማቾች ተወ። ጄኮብ ዴቪስ እስከ 1908 ዓ.ም. ኖሮ አረፈ። ሥራውን ልጁ ሳይመን ተረከበ።

ሱሪው ከሥራ ቦታ ወጥቶ የዘወትር ልብስ የሆነው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ የከብት ጠባቂዎች ፊልሞች ከተሜውን አስጎመጁት። በ1951 ዓ.ም. እንኳ ዝነኛው ዘፋኝ ቢንግ ክሮስቢ ዴኒም ለብሶ በቫንኩቨር ከተማ ወደ አንድ ሆቴል ቢሄድ አስተናጋጁ ሊቀበለው አልፈለገም ነበር፤ ድርጅቱም ይህን ሲሰማ ከዴኒም የተሠራ የግብዣ ኮት ሰፍቶ ሰጠው። በ1955 ዓ.ም. ጄምስ ዲን በፊልም ለብሶት ከታየ በኋላ ወጣቱ የአባቱን ሱሪ ትቶ የሠራተኛውን ሱሪ መረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ከለከሉት።

የሪቬቶቹ ዕጣ ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። በኋላ ኪሶች ላይ የነበሩት የፈረስ ኮርቻና የቤት ወንበር ይቧጭራሉ የሚል አቤቱታ ስለ በዛ በ1937 ዓ.ም. በጨርቅ ተሸፈኑ። በእግሮቹ መጋጠሚያ ላይ የነበረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለመቆጠብ ሲባል ቀረ። ዴቪስ ለእንጨት ቆራጩ ከመታቸው ውስጥ የፊት ኪሶቹ ጥግ ላይ ያሉት ዛሬም በቦታቸው ናቸው።